መስመር፣ መልክ፣ ተዳፋት፦ ስለ መስመራዊ እኩልታ ስያሜዎች

የአማርኛ የሒሳብ ቃላት ታሪክ በተነሣ ቁጥር ትረካው አብዛኛውን ጊዜ ከዘመናዊው ትምህርት ቤት ይጀምራል። «መስመር» ግን ከጥቁር ሰሌዳ በፊት በብራና ላይ የነበረ ቃል ነው። ቀድሞ የቢቸናና የሞጣ አውራጃዎች ይባል በነበረው የምሥራቅ ጎጃም ክፍል፣ እነዲማ ጊዮርጊስና ደብረ ወርቅ ማርያም በሚገኙበት አገር፣ ቁም ጸሐፊው ብራናውን ፍቆ ካለሰለሰ በኋላ በግራና በቀኝ ጠርዙ በወስፌ ትንንሽ ቀዳዳ ይበሳል። ከዚያም አንዱን ቀዳዳ ከአንጻሩ ጋር በማስመሪያ አገናኝቶ በወስፌው ጫፍ ያሰምራል። የሚቀረው ቀለም የሌለው ጭረት ነው። ሁለት ነጥብ አንድ ቀጥተኛ መስመር ብቻ እንደሚወስን የጂኦሜትሪ መምህር በቃል የሚያስረዳውን ጸሐፊው በእጁ ይሠራዋል። «አሰመረ»፣ «ማስመሪያ»፣ «መስመር» የአንድ ቤተሰብ ቃላት ናቸውና «መስመራዊ» የሚለው ቅጽል ሲወጣ ከባዕድ አልተበደረም። የላቲኑ አቻ ከተልባ ክር የተወለደ ነው፤ የጎጃም ገበሬ ተልባን የሚያውቃት ግን በፍሬዋ እንጂ በክሯ አይደለም። ስለሆነም የላቲኑን ምስል ወደ አማርኛ ማምጣት ትርፍ አይኖረውም ነበር።

ከዚህ የሚበልጠው ምስክር በባሕረ ሐሳብ ይገኛል። እንደሚታወቀው የዓመተ ዓለሙ ቁጥር ለ19 ተካፍሎ ከቀሪው አንድ ሲነሣ ወንበር ይገኛል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴ፣ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ ደግሞ መጥቅዕ ይሆናል። የ2016 ዓ.ም. ዓመተ ዓለም 7516፣ ወንበሩ 10 ነው፤ አበቅቴው 20፣ መጥቅዑ 10 ሆነ። በ2017 ዓ.ም. አበቅቴው 1፣ መጥቅዑ 29 ነበረ። 11 እና 19 ተደምረው 30 ስለሚሆኑ የሁለቱ ድምር ምንጊዜም ከ30 አይወጣም። አበቅቴን «አ»፣ መጥቅዕን «መ» ብንላቸው፦

አ + መ = 30

የአብነት ተማሪ ይህን በቃሉ ይዞት ይኖራል፤ ባለሁለት ተለዋዋጭ መስመራዊ እኩልታ ነው ብሎ ግን የሚነግረው የለም።

አሁን የስያሜው ጥያቄ ይመጣል። ያው አንድ እኩልታ በሌላ አኳኋን ሊጻፍ ይችላል። አበቅቴው ታውቆ መጥቅዑ ሲፈለግ መ = 30 − አ ይባላል። ወንበሩ 1 ሲሆን አበቅቴው 11፣ መጥቅዑ 19 ነውና ከዚሁ ነጥብ ተነሥቶ መ − 19 = −(አ − 11) ማለትም ይቻላል። ሦስቱም አንድ ሲሆኑ የሚያሳዩት ነገር ግን የተለያየ ነው፤ የመጀመሪያው ድምሩን፣ ሁለተኛው መነሻውንና ተዳፋቱን፣ ሦስተኛው አንድ የታወቀ ነጥብንና ተዳፋቱን። ለእነዚህ አኳኋኖች «ቅርጽ» የሚለው ቃል ሲጻፍ ይታያል። እኔ «መልክ» ይሻላል ባይ ነኝ። ቅርጽ በዚያው የሒሳብ መጽሐፍ ለሦስት ማዕዘንና ለክብ የተያዘ ቃል ነው፤ ቀጥተኛው መስመር ደግሞ እኩልታው እንዴትም ቢጻፍ ቅርጹን አይለውጥም። የሚለወጠው መልኩ ነው።

የቃሉ ምርጫ ለተማሪው የማዕረግ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የአማርኛ ቋንቋ አካዳሚ በ1964 ዓ.ም. ተቋቁሞ፣ ኋላም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ ተብሎ፣ የሳይንስ ስያሜ ሥራው በ1989 ዓ.ም. በታተመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ፍሬ አፍርቷል። ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ የቢቸናና የሞጣ ልጆች ሒሳብን በታችኞቹ ክፍሎች በአማርኛ ሲማሩ፣ በላይኞቹ ክፍሎች መማሪያው እንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ «እኩልታ»ም ሆነ «እኩልዮሽ» ተባለ፣ ቃሉ ፅንሰ ሐሳቡን ይዞ ካልተሻገረ ልጁ ወደ እንግሊዝኛው ሲሻገር አዲስ ቃል ብቻ ሳይሆን አዲስ ትምህርት የጀመረ ይመስለዋል።

አስቸጋሪው «ተዳፋት» ነው። ቃሉ ከጮቄ ወደ ዓባይ ሸለቆ ለሚወርደው መሬት እንደ ልክ የተሰፋ ልብስ ነው፤ ሆኖም ከ«ደፋ» የመጣ በመሆኑ ወደ ታች ማዘንበልን ያስቀድማል። የሞጣ መንገደኛ አንዱኑ ስፍራ ሲወጣው ዳገት፣ ሲወርደው ቁልቁለት ይለዋል፤ ምልክቱን የሚወስነው እግሩ ነው። ሒሳብ ግን ሁልጊዜ ከግራ ወደ ቀኝ እንድንሄድ ያዛል። ፊደላችንም የሚጻፈው በዚሁ አቅጣጫ ነውና ለአማርኛ አንባቢ ሕጉ እንግዳ አይሆንም። እንግዲያስ «ተዳፋት»ን ለጠቅላላው ይዞ፣ ዳገትን ለአዎንታዊው፣ ቁልቁለትን ለአሉታዊው መግለጫ ማድረግ ይቻላል። የ መ = 30 − አ ተዳፋት −1 ነው፤ አበቅቴ አንድ ሲጨምር መጥቅዕ አንድ ይቀንሳል፤ ቁልቁለት ነው።

መስመሩ ቋሚውን ዘንግ ለሚቆርጥበት ነጥብ «አቋራጭ» የሚሉ አሉ፤ በገበሬ አፍ ግን አቋራጭ አጭር መንገድ ነው። «መነሻ» ለቋሚው ዘንግ በሚገባ ይስማማል፤ አበቅቴ አልቦ ሲሆን መጥቅዕ 30 ነው፣ ከዚያም ይጀመራል። ለአግድሙ ዘንግ ግን አይሆንም፤ በዚያ በኩል «መቁረጫ ነጥብ» ቢባል ይሻላል።

«ግራፍ» እንደተወረሰ ይቆይ። መነሻው የግሪክኛው «መጻፍ» ነው፤ «ንድፍ» ብንለው ግምታዊ ሥዕልን ያስመስላል። ተርጓሚ ልብ ሊለው የሚገባ አንድ ነገር ግን አለ። የባሕረ ሐሳቡ እኩልታ በጠለል ላይ ሲነደፍ የሚወጣው ቀጥተኛ መስመር አይደለም፤ ወንበር ከአልቦ እስከ 18 ብቻ ስለሚሄድ በአንድ ቀጥታ የተደረደሩ 19 ነጥቦች ናቸው። «መስመራዊ» የተባለው እኩልታው እንጂ ሥዕሉ አይደለም።