ግዛቱ ፈቀደ፣ ፌዴራሉ አልረሳም፦ የማሪዋና ሕግ ታሪክና የግሪን ካርድ ጣጣ

የዛሬው ርእሳችን ብዙዎቻችን በቤታችን ደፍረን የማናነሳው ነው፤ ማሪዋና። ሜሪላንድ ከ2023 ሐምሌ ወር ጀምሮ ፈቃድ ባለው ሱቅ፣ ታክስ ተከፍሎበት እንዲሸጥ ፈቅዳለች። ቨርጂኒያ በ2021 አንድ አውንስ መያዝን ስትፈቅድ የሱቅ ሽያጭን አብራ አልፈቀደችም። ዋሽንግተን ዲሲ ከ2015 ጀምሮ ሁለት አውንስ መያዝ ይቻላል፤ መሸጥ ግን አይቻልም። ቴክሳስ ደግሞ ከሁለት አውንስ በታች የያዘ ሰው እስከ 180 ቀን ሊታሰር ይችላል። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ታዲያ በአንድ አገር ውስጥ ይህ ሁሉ ሕግ ከየት መጣ? ወደ ኋላ መለስ እንበል።

ተክሉ በአሜሪካ ፋርማሲዎች በመድኃኒትነት ይሸጥ ነበር። ካሊፎርኒያ በ1913 ከለከለችው። ከ1910ሩ የሜክሲኮ አብዮት ሸሽተው የገቡ ስደተኞች ሲበዙ፣ ጋዜጦች “ማሪዋና” የሚለውን ስም ከሜክሲኮዎች ጋር እያያዙ ሕዝቡን ያስፈራሩ ጀመር። ከ1930 ጀምሮ የፌዴራል የአደንዛዥ ዕፅ መሥሪያ ቤትን የመራው ሃሪ አንስሊንገር ይህን ፍርሃት ሥራዬ ብሎ አራገበው። በ1937 ኮንግረስ የማሪዋና ታክስ ሕግን አወጣ። ሕጉ በቀጥታ “ክልክል ነው” አላለም። ላልተመዘገበ ሰው የሚተላለፍ እያንዳንዱ አውንስ 100 ዶላር ይቀረጥ አለ። በዚያ ዘመን ይህ ያው ክልከላ ነው።

ቅጣቱም እየከበደ ሄደ። በ1956 የወጣው የፌዴራል ሕግ ለመጀመሪያ ጊዜ ይዞ ለተገኘ ሰው እንኳ ከሁለት እስከ አሥር ዓመት እስራት ደነገገ። በቴክሳስ እስከ 1973 ድረስ ትንሽም ብትሆን ይዞ መገኘት እስከ ዕድሜ ልክ ሊያስፈርድ ይችል ነበር። በ1970 ማሪዋና ከሄሮይን ጋር በአንደኛው፣ እጅግ ጥብቅ በሆነው መደብ ተመዘገበ። ፕሬዚዳንት ኒክሰን ሊቀመንበሩን የሾሙለት አጥኚ ኮሚሽን በ1972 ለግል ፍጆታ መያዝ ወንጀል መሆኑ ይቅር ብሎ ሐሳብ አቀረበ። ኒክሰን አልሰሙትም።

ግዛቶቹ ግን በየራሳቸው መንገድ ሄዱ። ኦሪገን በ1973 እስራቱን ወደ ገንዘብ ቅጣት ለወጠች። ካሊፎርኒያ በ1996 ለሕክምና፣ ኮሎራዶና ዋሽንግተን ግዛት በ2012 ለማንኛውም አዋቂ ፈቀዱ። ሆኖም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2005፣ ግዛት ቢፈቅድም የፌዴራሉ ክልከላ እንደጸና ነው ሲል ወስኗል።

እንግዲህ ነገሩ እኛን የሚነካው እዚህ ላይ ነው። ዜጋ የሆነ ሰው በአመዛኙ የሚኖረው በግዛቱ ሕግ ሥር ነው። የግሪን ካርድ ባለቤት ግን መኖሪያው ግዛት ውስጥ ቢሆንም፣ ወረቀቱ ያለው በፌዴራሉ እጅ ነው።

የሆዜ ፓዲያን ጉዳይ እንመልከት። ሆንዱራስ የተወለደ፣ ከ40 ዓመት በላይ በሕጋዊ ነዋሪነት የኖረ፣ በቬትናም ጦርነት ለአሜሪካ ያገለገለ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ኬንታኪ ውስጥ ማሪዋና ጭኖ ተያዘ። ጠበቃው “ብዙ ዘመን ስለኖርክ ስለ ኢሚግሬሽን አታስብ” አለው። ጥፋተኛ ነኝ ብሎ አመነ፤ ከዚያም የመባረር ጉዳይ መጣበት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2010 ጠበቃ ለደንበኛው ይህን አደጋ የመንገር ግዴታ አለበት ሲል ወሰነ። ከባድ መኪና ለሚነዱ ወንድሞቻችን ይህ ታሪክ የሩቅ አይደለም።

የማባረሪያው ሕግ የሚምረው አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለራሱ ፍጆታ፣ ከ30 ግራም ያልበለጠ ይዞ የተፈረደበትን ነው። ሜሪላንድ የፈቀደችው አንድ አውንስ ተኩል እኮ 42 ግራም ገደማ ይሆናል! ለሽያጭ ደግሞ ምሕረቱ አይሠራም። ፍርድ ባይኖር እንኳ፣ አዲስ አበባ ደርሶ ሲመለስ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ተጠይቆ “አዎ፣ አጭሻለሁ” ያለ ነዋሪ በገዛ ቃሉ ጣጣ ውስጥ ሊገባ ይችላል። የኢሚግሬሽን አገልግሎቱ በ2019 ባወጣው መመሪያ ደግሞ፣ ግዛቱ በፈቀደው የማሪዋና ሱቅ ተቀጥሮ መሥራት እንኳ ዜግነት ሊያስከለክል ይችላል።

ሕጉ ሲወለድ ስደተኛን በመጠርጠር ተወለደ። ከመቶ ዓመት በኋላ ለዜጋው ሲላላ፣ ክብደቱ የቀረው አሁንም በስደተኛው ጫንቃ ላይ ነው። ይህን ለመለወጥ ድምፅ ያላቸው ዜጎቻችን ኮንግረስን መወትወት አለባቸው። እስከዚያው ግን ወላጆች፣ ልጆቻችሁን ቁጭ አድርጋችሁ ንገሯቸው። ፖሊስ ቢይዛቸውም የኢሚግሬሽን ጠበቃ ሳያማክሩ “ጥፋተኛ ነኝ” ብለው አይፈርሙ። ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ አባቶቻችን። ቸር ሰንብቱ።