ከተወሰነው ልክ በላይ፤ ፕሮሰሰርን የማፍጠን አጭር ታሪክ

በትምህርት ቤታችን የኮምፒዩተር ክፍል የሚገኙት መሣሪያዎች በማርጀታቸው ሥራቸው እየዘገየ ሄደ። ስለዚህ ከእኛ ከ12ኛ ክፍል ተማሪዎች አንዳንዶቹ «ፍጥነታቸውን በገዛ እጃችን ብንጨምረውስ?» የሚል አሳብ አቀረቡ፤ ሌሎቹ ግን «እናበላሻቸዋለን» ብለው ተከራከሩ። ክርክሩም በበረታ ጊዜ፥ ከመወሰን በፊት የነገሩን ታሪክ መመርመር ይገባል ብለን ተስማማን። ያገኘነውንም ለውድ አንባቢዎቻችን በአጭሩ እናቀርባለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፕሮሰሰር ማለት በኮምፒዩተር ውስጥ የሒሳቡን ሥራ የሚሠራው ክፍል ነው። የሚሠራውም በምት ነው፤ ይኸውም ከበሮ መቺው ምቱን ባፈጠነ ቁጥር ዘማሪዎቹ እርምጃቸውን እንደሚያፈጥኑ ያለ ነው። በሴኮንድ አንድ ሚሊዮን ምት አንድ ሜጋኸርዝ ይባላል። ፋብሪካው ከወሰነው በላይ ምቱን ማፍጠን ኦቨርክሎኪንግ ተብሎ ተሰይሟል።

አይ ቢ ኤም የተባለው ኩባንያ በ1984 ዓ.ም. ኤ ቲ የሚባለውን ኮምፒዩተር ሲያወጣ ፍጥነቱ 6 ሜጋኸርዝ ነበር። ምቱን የሚሰጠው ባለ 12 ሜጋኸርዝ የኳርዝ ክሪስታል ሲሆን፥ ይህ ምት ለሁለት ተከፍሎ ለፕሮሰሰሩ ይደርሰው ነበር። አንዳንድ ባለቤቶች ክሪስታሉን ነቅለው ባለ 16 ሜጋኸርዝ ቢተኩበት፥ መሣሪያው በ8 ሜጋኸርዝ ሠራ። ኩባንያውም በኋላ ፍጥነቱን የሚመረምር ፕሮግራም ጨምሮ ይህን ከለከለ።

ለመሆኑ ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? በአንድ ፋብሪካ የተሠሩ ፕሮሰሰሮች እንኳ ችሎታቸው እኩል አይደለም። ስለዚህ ፋብሪካው እያንዳንዱን ፈትኖ፥ በሙቀትና በዕድሜ ብዛት እንዳይሳሳት መጠባበቂያ ትቶ ልኩን ይወስናል። ርካሹ ዕቃ በብዛት ሲፈለግም፥ ብርቱዎቹ ጭምር ዝቅተኛ ቁጥር ተጽፎባቸው ይሸጣሉ። እንግዲህ የተጻፈው ቁጥር የፋብሪካው ዋስትና ነው እንጂ የፕሮሰሰሩ የመጨረሻ ዐቅም አይደለም።

በኋላ ዘመን የፕሮሰሰሩ ፍጥነት የሚገኘው የማዘርቦርዱ ምት በአንድ ማባዣ ቁጥር ተባዝቶ ሆነ። በ1990ዎቹ አንዳንድ አጭበርባሪ ነጋዴዎች ቁጥሩን ፍቀው ከፍ ያለ እየጻፉ ገዢውን ያታልሉ ነበርና፥ ኢንቴል ማባዣው እንዳይለወጥ ቆለፈው። ይሁን እንጂ በሩ ቢዘጋ መስኮቱ ክፍት ነበር። በ1998 ዓ.ም. የወጣው ሴሌሮን 300ኤ ማባዣው 4.5፥ የማዘርቦርዱም ምት 66 ሜጋኸርዝ ሆኖ 300 ያህል ይሰጥ ነበር። ብዙዎች የማዘርቦርዱን ምት ወደ 100 ከፍ አድርገው 450 ሜጋኸርዝ አገኙ።

ነገር ግን የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፥ ፍጥነት ያለ ዋጋ አይገኝም። ምቱ ሲፈጥን ብዙ ጊዜ ቮልቴጁም መጨመር አለበት፤ ሁለቱም 10 በመቶ ቢጨምሩ ፕሮሰሰሩ የሚፈጀው ኀይል 33 በመቶ ያህል ያድጋል፤ ይህም ሁሉ ሙቀት ይሆናል። በ2011 ዓ.ም. የኤ ኤም ዲ ፕሮሰሰር 8.429 ጊጋኸርዝ ደርሶ ክብረ ወሰን ሲሰብር፥ እጅግ ቀዝቃዛ በሆነ ፈሳሽ ሂሊየም መቀዝቀዝ አስፈልጎታል። ከመቃጠል ይልቅ የሚያስፈራው ግን ስሕተት ነው፤ ልኩን ያለፈ ፕሮሰሰር ሳይቆም የተሳሳተ ሒሳብ ሊያወጣ ይችላልና። ስለዚህ ዐዋቂዎቹ ጥቂት በጥቂት ይጨምራሉ፥ ለሰዓታት ይፈትናሉ፥ ስሕተት ካዩም ወደ ኋላ ይመለሳሉ።

ይህን ሁሉ ካነበብን በኋላ ክርክራችን በስምምነት ተፈጸመ። ባለቤት በገዛ ዕቃው ቢሞክርበት መብቱ ነው፤ እነዚህ መሣሪያዎች ግን ከእኛ በኋላ ለሚመጡት ታናናሾቻችን ጭምር ናቸው። የዘመኑ ፕሮሰሰር ሲግል ራሱን እንደሚያዘገይ ስለ ተማርንም፥ ክሪስታል ከመንቀል ይልቅ በማራገቢያዎቹ ላይ የተከመረውን አቧራ ለመጥረግ ወሰንን። በልኩ የተጻፈውን ፍጥነት እንኳ ሳንጠቀምበት ከልክ በላይ መመኘት አይገባንምና።