ከሰገነቱ ወርደው ፊደል ቆጠሩ

ይህ መልእክት በመጀመሪያ በሬዲዮ የተላለፈ ነው። ብዙዎቻችሁ «በጽሑፍ ይሁንልን» ስላላችሁን ጥቂት አስተካክለን እነሆ በእጃችሁ አድርገናል።

ዛሬ የአንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያንና የትምህርት ቤቷን ታሪክ አጫውታችኋለሁ። ቤተ ክርስቲያኗ ያለችው በአገራችን አይደለም። በአሜሪካ ደቡብ፣ በሳውዝ ካሮላይና ግዛት፣ ሴንት ሄሌና በምትባል ደሴት ላይ ናት። «መጋቢ፣ የሰው አገር ታሪክ ለእኛ ምን ያደርግልናል?» የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። እስቲ ታገሱኝ፤ ነገሩ ዞሮ ዞሮ የእኛው ደጅ ይደርሳል።

በዚያች ደሴት ጥጥ ይበቅል ነበር። ረጅምና ለስላሳ ጭረት ያለው፣ በዓለም ገበያ ውድ የነበረ ጥጥ ነው። የእርሻው ባለቤቶች ነጮች፣ ሠራተኞቹ ደግሞ ከአፍሪካ ተግዘው የመጡ ሰዎችና ልጆቻቸው ነበሩ። የሚሠሩት ያለ ደመወዝ ነው። ይሸጣሉ፣ ይለወጣሉ። ባለቤቶቹ እንግዲህ አረማውያን እንዳይመስሏችሁ! ባፕቲስቶች ነበሩ። መጽሐፍ ቅዱስ ያነባሉ፣ ይጸልያሉ፣ ይዘምራሉ፣ እንደ እኛው እሑድ እሑድ ይሰበሰባሉ።

እ.ኤ.አ. በ1855 በደሴቲቱ ላይ በጡብ የተሠራ ቤተ ክርስቲያን ቆመ። እስከ ዛሬ «የጡብ ቤተ ክርስቲያን» ይባላል። ጡቡን የደረደሩት እጆች የማን ነበሩ? በባርነት የተያዙት ሰዎች እጆች ናቸው። ሕንጻው ሲያልቅ ጌቶች ከታች ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ የሠሩት ሰዎች ግን ወደ ሰገነቱ እንዲወጡ ተደረገ። አንድ ጣሪያ፣ አንድ ሰባኪ፣ አንድ መጽሐፍ ቅዱስ ነው። ከታች ያሉት መጽሐፉን ገልጠው ይከታተላሉ፤ ከላይ ያሉት በጆሯቸው ብቻ ይሰማሉ።

ለምን? ሕግ ስለነበረ ነው። በ1834 የሳውዝ ካሮላይና ምክር ቤት ለባሪያ ማንበብና መጻፍ ማስተማርን ወንጀል አደረገ። ያስተማረው ነጭ ከሆነ እስከ 100 ዶላር መቀጮና እስከ ስድስት ወር እስራት፣ ጥቁር ከሆነ እስከ 50 ግርፋት ይጠብቀዋል። ወገኖቼ፣ ፊደል በማስቆጠር 50 ግርፋት!

ሕግ አውጪዎቹ ምን ፈርተው ነበር? እስቲ ኤፌሶን ምዕራፍ 6ን ገልጣችሁ ተመልከቱ። በዚያ ዘመን በደቡብ ለባሮች ይሰበክ የነበረው ብዙ ጊዜ ስለ መታዘዝ ነበር፤ ቁጥር 5 ላይ የተጻፈውን ማለት ነው። ማንበብ የማይችል ሰው ሰባኪው ያቆመበት ላይ ይቆማል። ማንበብ የሚችል ግን ዓይኑ ወደ ታች ይወርዳል፣ ቁጥር 9 ላይ ይደርሳል። እዚያ ጌቶች ማስፈራራትን እንዲተዉ ታዘዋል፤ የእነርሱም ጌታ በሰማይ እንዳለና ለሰው ፊት እንደማያዳላ ተነግሯቸዋል። ከቁጥር 5 እስከ ቁጥር 9 አራት ቁጥር ብቻ ነው። ያ ሁሉ ሕግና ግርፋት እኮ ሰው ያችን አራት ቁጥር እንዳይሻገር የሚከለክል አጥር ነበር።

ከዚያ ጦርነት መጣ። ኖቬምበር 7 ቀን 1861 የሰሜኑ መንግሥት የጦር መርከቦች በፖርት ሮያል ወሽመጥ መድፍ ተኮሱ። የእርሻዎቹ ባለቤቶች ቤታቸውንና ጥጣቸውን ጥለው ሸሹ። በደሴቶቹ ላይ ወደ 10,000 የሚጠጉ ጥቁሮች ቀሩ። ባርነት ገና በአዋጅ አልተሻረም፤ የሊንከን የነጻነት አዋጅ የጸናው ጃንዋሪ 1 ቀን 1863 ነው። ጌቶቹ ግን የሉም። የጡቡ ቤተ ክርስቲያን ባዶ ወንበሩን ይዞ ቆሟል። ሰዎቹም ከሰገነቱ ወርደው ከታች ተቀመጡ።

በኤፕሪል 1862 ላውራ ታውን የተባለች ከፊላደልፊያ የመጣች ሴት ደሴቲቱ ደረሰች። ጓደኛዋ ኤለን መሪ በሰኔ ተከተለቻት። በዚያው በሰኔ ወር ኦክስ በሚባል እርሻ ቤት ጓዳ ውስጥ ትምህርት ጀመሩ። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ስንት ነበሩ? ዘጠኝ! ዘጠኙም አዋቂዎች ናቸው። ቁጥሩ እየጨመረ ጓዳው ሲጠብ፣ በዚያው ዓመት በመስከረም ወር ትምህርቱ ወደ ጡቡ ቤተ ክርስቲያን ተዛወረ። የፔንሲልቫኒያ መሥራች በነበረው በዊልያም ፔን ስምም «ፔን ትምህርት ቤት» ተባለ።

በጥቅምት ሻርሎት ፎርተን መጣች። ከነጻ ቤተሰብ የተወለደች፣ የተማረች ወጣት ጥቁር ናት። ያየችውን ጽፋ በ1864 በአንድ ታዋቂ የአሜሪካ መጽሔት አሳትማለች። ክፍል የሚባል ነገር አልነበረም፤ በአንዱ አዳራሽ ውስጥ ብዙ ቡድኖች ባንድ ጊዜ ይማራሉ። አንዱ ጥግ ፊደል ይቆጥራል፣ ሌላው ጥግ ያነባል፤ አስተማሪዎቹ እስኪደክማቸው ድምፃቸውን ከፍ ማድረግ ነበረባቸው። ልጆች ከጥጥ ማሳ ሥራቸውን ጨርሰው ይመጣሉ፤ አዋቂዎችም ከድካማቸው በኋላ ለመማር ይቀመጣሉ። እሑድ ሲሆን ያው አዳራሽ የአምልኮ ቤት ነው። በባርነት ዘመን ትዳራቸው በሕግ የማይታወቅ የነበሩ ሰዎች፣ በአንድ እሑድ ብዙ ጥንዶች ሆነው ሲጋቡ አይታለች። ትዳርም ፊደልም በአንድ ጣሪያ ሥር!

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። ላውራ ታውን በትምህርተ እምነት ከእኛ ጋር አንድ አልነበረችም፤ ቤተ ክርስቲያኗ ምሥጢረ ሥላሴን አይቀበልም ነበር። እኔ በዚህ አልስማማም፤ እናንተም አትስማሙም። ነገር ግን ትምህርተ እምነታቸው ከእኛ ጋር የሚቀራረበው የእርሻ ባለቤቶች መጽሐፉን ሲዘጉ፣ እርሷ ሰዎቹ ራሳቸው እንዲገልጡት ዕድሜዋን ሰጠች። በ1901 እስክትሞት ድረስ ወደ አርባ ዓመት ገደማ ከደሴቲቱ አልተለየችም። ይህ ለእኔ ለመጋቢው ተግሣጽ ነው። ትክክለኛ ትምህርት በአፌ ይዤ ሰው ሰገነት ላይ አስቀርቼ ይሆን?

ተማሪው ሲበዛ ጓደኞቻቸው ከፊላደልፊያ እንጨቱ ተቆርጦ የተዘጋጀ የትምህርት ቤት ሕንጻ በመርከብ ላኩ። በ1865 ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት ተገጣጥሞ ቆመ። አብሮት ደወል መጣ። በደወሉ ላይ ከዘሌዋውያን 25 የተወሰደው የነጻነት አዋጅ ተቀርጾበታል። በዚያ አገር ሌሊት ተነስቶ ወደ ማሳ መውጣት ሲያስፈልግ ለባሪያ ደወል ይደወል ነበር። አሁን ደወሉ ልጆቹን ለንባብ ጠራ።

ትምህርት ቤቱ በኋላ እርሻና የእጅ ሙያ ጭምር እያስተማረ እስከ 1948 ዘለቀ። በ1960ዎቹ ማርቲን ሉተር ኪንግና ባልደረቦቹ ለምክክር የሚሰበሰቡት በዚያው ግቢ ነበር። በ2017 ቤተ ክርስቲያኑ የአገሪቱ ታሪካዊ መታሰቢያ አካል ሆነ። ምዕመናኑ ግን ሙዚየም አላደረጉትም። ዛሬም እሑድ እሑድ ያመልኩበታል።

እንግዲህ ወደ ደጃችን እንምጣ። በሐዋርያት ሥራ 8 ላይ ያለውን ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ ሁላችንም በኩራት እናነሳዋለን፤ «የእኛ ሰው!» እንላለን። ፊልጶስ ሲደርስበት ምን እያደረገ ነበር? ሰረገላው ላይ ተቀምጦ ኢሳይያስን እያነበበ ነበር። የፊልጶስ የመጀመሪያ ጥያቄም የሚያነበው ይገባው እንደሆነ ነበር። ለአገራችን ሰው ወንጌል የደረሰው በተገለጠ መጽሐፍ ላይ ነው።

አሁን ስለ ራሴ ልናዘዝ። በማገለግልባት ቤተ ክርስቲያን አንዲት እናት አሉ። ጸሎተኛ ናቸው፣ ጾም አያመልጣቸውም፣ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን በነጠላቸው ጠቅልለው ነው የሚመጡት። አንድ ቀን በኅብረት ጥናት ላይ «እማማ፣ ይህችን ክፍል ያንብቡልን» አልኳቸው። «ልጄ፣ መነጽሬን ረስቼ መጣሁ» አሉኝ። በሌላ ጊዜም ጠየቅኳቸው፤ መነጽሩ ተረስቷል። በሦስተኛው ገባኝ። መነጽር የላቸውም፤ ፊደልም አልቆጠሩም። ስንት ዓመት ስሰብክላቸው፣ ምዕራፍና ቁጥር እየጠራሁ «አውጡ» ስላቸው፣ እርሳቸው ሰው እንዳያይባቸው ገጽ ይገልጡ ነበር። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። አዳራሻችን ሰገነት የለውም ብዬ አስብ ነበር። ለካስ ነበረው፤ ሠሪውም እኔ ነኝ።

ወገኖቼ፣ የእናንተስ? የጸሎት ቤታችን በር ከሰኞ እስከ ዓርብ ተቆልፎ ይውላል። ወንበሩ አለ፣ መብራቱ አለ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ማንበብ የሚችሉ ወጣቶች አሉ። የጎደለው ቁልፉን የሚከፍት ሰው ነው። ሴንት ሄሌና ላይ ሲጀመር ዘጠኝ አዋቂዎችና አንዲት ጓዳ ብቻ ነበሩ። ከዚያ ያነሰ አቅም ያለው ቤተ ክርስቲያን ካለ ንገሩኝ።

እኛ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ጀምረናል። አምስት ሰዎች ናቸው፤ የሚያስተምሩት የመዘምራን ወጣቶች ናቸው። እማማም መጥተዋል። ያለፈው ማክሰኞ «መ» ላይ ደርሰዋል። «ልጄ፣ ይሄ መድኃኔዓለም የሚጀምርበት ነው?» አሉኝ። አዎን እማማ፣ እርሱው ነው አልኳቸው።

እንጸልይ፦ አባት ሆይ፣ ቃልህን ለሁሉ ሰጥተሃል፤ በእኛ ስንፍና ከቃልህ የራቀውን ይቅር በለን። የተቆለፈውን በራችንን ክፈት። ከላይ ያስቀመጥናቸውን ወገኖቻችንን እጃቸውን ይዘን እንድናወርድ ትሕትናን ስጠን። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።