ሣሩ ይጎዳል

ከቀትር በኋላ ስድስት ኪሎ ግቢ የገባ ሰው ሣር ላይ በሆዱ ተኝቶ የሚቸክል፣ ጃኬቱን ፊቱ ላይ ጥሎ የሚያንቀላፋ ተማሪ አያጣም። ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚንሾካሾኩትም አሉ። እነሱ የሚወዱት ተማሪው ‹ኪሲንግ ፑል› ብሎ የሰየመውን ቦታ ነው፤ ስሙን ለመተርጎም አልደፍርም። ዶርሙ ጠባብ ነው፣ ቤተ መጻሕፍቱ በፈተና ሰሞን ወንበር የለውም። ሣሩ ግን ወረፋ አይጠይቅም። ይህን ያየ ሰው ቦታው ከጥንትም ለተማሪ የተከለለ ይመስለዋል።

አይደለም፤ የንጉሥ ቅጥር ነበር። ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የተሠራው ከጣሊያን ወረራ ቀደም ብሎ ነው። ወራሪው ሲመጣ ግራዚያኒ ገባበት። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ድሆች ምጽዋት ትቀበላላችሁ ተብለው እዚሁ ቅጥር ውስጥ ተሰበሰቡ። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ሲወረውሩ ወታደሮቹ መትረየሱን ያዞሩት ባዶ እጁን በቆመው ሕዝብ ላይ ነበር። ለምጽዋት የተጠራ እዚያው ቀረ። ፋሽስቶቹ ያቆሙት የትም የማያደርስ ጠመዝማዛ ደረጃ ዛሬም ከቤተ መንግሥቱ ፊት አለ፤ ከነፃነት በኋላ አናቱ ላይ አንበሳ ተቀመጠበት።

በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. በመፈንቅለ መንግሥቱ ሙከራ የታሰሩት መኳንንትና ሚኒስትሮች፣ ራስ አበበ አረጋይ ጭምር፣ በዚሁ ቤት ‹አረንጓዴ ሳሎን› ውስጥ ተረሸኑ። (በዚያ ግቢ አረንጓዴ ሲባል ሣር ብቻ አይታየኝም።) ንጉሠ ነገሥቱ ቤቱን ለትምህርት ሰጡት፤ በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተከፈተበት። ድሃው ለምጽዋት በቆመበት ቅጥር የገበሬ ልጅ ደብተሩን ተንተርሶ ተጋደመ። ስለዩኒቨርሲቲው ታሪክ ብዙ ተጽፏል፤ እኔን ከሁሉ የሚደንቀኝ ይህ መጋደም ነው።

ታዲያ ተማሪ ሰብሰብ ብሎ ከተቀመጠ ያወራል፤ ካወራ ይጠይቃል። በየካቲት 1957 ዓ.ም. ‹መሬት ላራሹ› ብሎ አደባባይ ወጣ። ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው በጥይት ተገደለ። በማግስቱ ጓደኞቹ አስከሬኑን ወደ ግቢው ይዘው መጡ፤ ሊያለቅሱት። የክብር ዘበኛ ወታደሮች ገብተው ተኮሱ፣ አስከሬኑንም ወሰዱ። ለቅሶ የመጣ ተማሪ ሌላ አስከሬን ሆነ። መንግሥታት ተለዋውጠው በሚያዝያ 1993 ዓ.ም. ተማሪዎች ካነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ የታጠቀ ፖሊስ ከግቢያችን ይውጣ የሚል ነበር። በዚያ ሰሞንም በከተማው የሰው ሕይወት ጠፋ።

ይህን ሁሉ ያስታወሰኝ የራሴ ትንሽ ነገር ነው። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር፣ የግቢውን ስም ልተወውና፣ አንድ ቀን ክፍላችን ለስብሰባ ተወሰደብን። ተማሪዎቼን ይዤ ግጥም ልናነብ ሣር ላይ ወጣን። አሥር ደቂቃ ሳንቆይ አንድ ሽማግሌ የጥበቃ ሠራተኛ ፊሽካቸውን እየነፉ መጡ።

‹‹መምህር፣ ሣሩ ይጎዳል። ይነሡልኝ።››

ሣሩ እኮ በበጋው ፀሐይ አሮ ገለባ ሆኗል!

‹‹ምኑ ነው የሚጎዳው አባቴ?››

ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ‹‹ሁለት ሦስት ሆነው ቢቀመጡ ማን ይናገራቸዋል? ሠላሳ ሲሆኑ ግን እኔ እጠየቃለሁ።››

ልከራከር እችል ነበር። ታሪኩን ከማንም በላይ አውቀዋለሁ፣ ደመወዝ የሚከፈለኝም ለመናገር ነው። ዝም ብዬ ሱሪዬን አራግፌ ተነሣሁ፤ ተማሪዎቹም እኔን አይተው ተነሡ። መንገድ ላይ አንዷ ‹‹መምህር፣ የግጥሙ መጨረሻስ?›› አለችኝ።

‹‹ነገ›› አልኳት። በማግስቱ ሌላ ምዕራፍ ጀመርን።