«የአባቶች ኃጢአት»፦ የጨለማው የምርመራ ጨዋታ በተቺዎችና በተጫዋቾች ሚዛን

«ጋብሪኤል ናይት፦ የአባቶች ኃጢአት» እ.ኤ.አ. በ1993 ሲየራ ኦን-ላይን በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለገበያ የቀረበ የኮምፒውተር ጨዋታ ነው። ታሪኩን የጻፉትና ጨዋታውን የነደፉት ጄን ጄንሰን ሲሆኑ፣ ሙዚቃውን የደረሱት ሮበርት ሆልምስ ናቸው። ከሠላሳ ዓመታት በኋላም ተቺዎች ከዘርፉ ምርጥ ሥራዎች ጋር ይጠሩታል፤ ተጫዋቾች በበኩላቸው ምስጋናንና ምሬትን ቀላቅለው ያነሡታል። ሁለቱ ወገኖች የሚስማሙበትና የሚለያዩበት ነጥብ፣ ይህ የጨዋታ ዓይነት በምን ሊመዘን እንደሚገባ ያሳያል።

የጨዋታው ዓይነት

በኢትዮጵያ ከተሞች የፕሌይስቴሽን ቤቶች በስፋት የሚታወቁት የእግር ኳስና የመኪና ውድድር ጨዋታዎች ናቸው። በእነዚህ ጨዋታዎች አሸናፊውን የሚለየው የጣት ፍጥነት ነው። «ጋብሪኤል ናይት» ከዚህ የተለየ ነው። ተጫዋቹ በስክሪኑ ላይ የሚታየውን ሥዕል እየመረመረ በማውዝ ይጫናል፤ ዕቃ ያነሣል፣ ሰው ያነጋግራል፣ መረጃ ያሰባስባል። ወደ ቀጣዩ ምዕራፍ የሚያልፈው የተቆለፈውን ጥያቄ ሲፈታ ብቻ ነው።

ስለዚህ የዚህ ዓይነቱ ጨዋታ የቅርብ ዘመድ ስፖርት ሳይሆን በአማርኛ እንቆቅልሽ፣ በኦሮምኛ ሂቦ የሚባለው የምሽት ጨዋታ ነው። ከአሰቦት እስከ ጭሮ ባሉት የምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች በዚህ ጨዋታ ያደገ ሰው ሕጉን ያውቀዋል። መልሱ የጠፋበት ተጠያቂ «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ አገር ከሰጠም በኋላ መልሱ ይነገረዋል። መልሱን የሰማ ሰው «እንዴት አመለጠኝ!» ካለ እንቆቅልሹ የተሳካ ነው። «ይህንንማ ማን ሊያውቅ ይችላል?» ካለ ግን ጥፋቱ የጠያቂው ነው። ተጫዋቾች በ«ጋብሪኤል ናይት» ላይ የሚሰጡት ፍርድም በአብዛኛው በዚሁ ሕግ ላይ የቆመ ነው።

ታሪኩ

ታሪኩ የሚጀምረው በአሜሪካዋ የኒው ኦርሊንስ ከተማ፣ የፈረንሣዮች ሠፈር ተብሎ በሚታወቀው ጥንታዊ አካባቢ ነው። ጋብሪኤል ናይት ያልተሳካለት ደራሲና የአንድ አነስተኛ የመጻሕፍት መደብር ባለቤት ነው፤ ሌሊት ሌሊት በአስፈሪ ቅዠት ይሠቃያል። በከተማዋ ከቩዱ እምነት ጋር የተያያዙ የሚመስሉ ግድያዎች ሲፈጸሙ፣ ለአዲስ መጽሐፉ መነሻ ይሆነኛል በሚል መረጃ ማሰባሰብ ይጀምራል። መርማሪ ፖሊሱ ሞዝሊ ወዳጁ ነው፤ የመደብሩ ረዳት ግሬስ ናኪሙራ ደግሞ የታሪክ ጥናቱን ታግዘዋለች። ጉዳዩ በአሥር ቀናት የተከፋፈለ ሲሆን፣ ተጫዋቹን ከኒው ኦርሊንስ ወደ ጀርመንና ወደ ምዕራብ አፍሪካ ይወስደዋል። ጋብሪኤል በመጨረሻ የሚደርስበት ነገር የገዛ ቤተሰቡ ታሪክ ነው፤ ከሦስት መቶ ዓመታት በፊት አንድ አያቱ የፈጸመው ክህደት ዕዳው ለልጅ ልጆቹ ተርፏል። የጨዋታው ርእስም የተወሰደው ከዚሁ ነው።

ተቺዎች ያደነቁት

ተቺዎች በቅድሚያ የሚያነሡት የአጻጻፉን ብስለት ነው። በዚያ ዘመን የዚህ ዓይነት ጨዋታዎች ብዙዎቹ በቀልድና በተረት ላይ የተመሠረቱ ነበሩ። ጄንሰን ግን ለአዋቂ አንባቢ እንደሚጻፍ ልብ ወለድ፣ ጉድለት ያለበትን ገጸ ባሕርይ፣ እውነተኛ ከተማንና በጥናት የተደገፈ ታሪክን አቀናጅተው አቀረቡ። ፍርሃቱም በድንገተኛ ጩኸት ሳይሆን ቀስ በቀስ በሚከማች መረጃ የሚገነባ ነው።

በሲዲ የቀረበው ቅጂ የድምፅ ትወናም ሌላው የምስጋና ምንጭ ነው። ጋብሪኤልን ቲም ከሪ፣ ሞዝሊን ማርክ ሃሚል፣ ግሬስን ሊያ ሬሚኒ ተጫውተዋል፤ ተራኪዋ ቨርጂኒያ ኬፐርስ ናቸው። በዚህ ላይ ግን ድምፁ አንድ አይደለም። የቲም ከሪን የደቡብ አሜሪካ ግዛቶች አነጋገር አንዳንዶች ሲወዱት ሌሎች የተጋነነ ይሉታል። የተራኪዋ ዝግ ያለ አነጋገር ለአንዱ የከተማዋ መንፈስ ሲሆን፣ ለሌላው ትዕግሥት የሚፈታተን ነው።

ተጫዋቾች ያጉረመረሙበት

ከተጫዋቾች ቅሬታ የመጀመሪያው አጠቃቀሙ ነው። መራመድ፣ ማየት፣ መጠየቅ፣ ማንሣት፣ መክፈትና መግፋት እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ምልክት ስላላቸው፣ ተገቢውን ሐሳብ ያገኘ ተጫዋች የተሳሳተ ምልክት በመምረጡ ብቻ ሊሰናከል ይችላል። ትናንሽ ዕቃዎችን ከሥዕሉ ውስጥ ነቅሶ ማውጣትም አድካሚ ነው። በመጨረሻዎቹ ቀናት ገጸ ባሕርይው ሊሞት ስለሚችል፣ ጨዋታውን ቀደም ብሎ በማስቀመጫ ያላኖረ ሰው ወደ ኋላ ለመመለስ ይገደዳል።

ዋናው ክርክር ግን የእንቆቅልሾቹ ፍትሐዊነት ነው። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረችው የቩዱ መሪ የማሪ ላቮ መቃብር ላይ በምስጢር ምልክቶች የተጻፈ መልእክት አለ። ተጫዋቹ ምልክቶቹን ወደ ፊደል ከመለሰ በኋላ፣ በዚያው ፊደል የራሱን መልእክት መጻፍ ይጠበቅበታል። ይህ ከጨዋታው ከባድ ክፍሎች አንዱ ቢሆንም፣ ፍንጩ ከፊቱ ስለተቀመጠ የፈታው ሰው እርካታ ያገኝበታል። በሌላ በኩል፣ የሞተር ብስክሌት ፖሊስን ከቦታው ለማራቅ በአደባባይ ያለ ድምፅ የሚተውን አንድ ሰው አስከትሎ ወደ ፖሊሱ መውሰድ ያስፈልጋል። ይህንን አስቦ ከመድረስ ይልቅ በሙከራ ማግኘት ይቀላል።

የእምነት ጉዳይ

ለአፍሪካዊ አንባቢ ተጨማሪ ጥያቄ አለ። ቩዱ ከምዕራብ አፍሪካ በባርነት የተወሰዱ ሰዎች ይዘውት የተሻገሩት፣ ዛሬም በሕይወት ያለ እምነት ነው። በቤኒን በየዓመቱ በጃንዋሪ ወር ብሔራዊ በዓሉ ይከበራል፤ ሄይቲም እ.ኤ.አ. በ2003 በይፋ እውቅና ሰጥታዋለች። ጨዋታው ይህንን ታሪክ አይሰውርም፤ የባርነትን ግፍ ይተርካል፣ በሰላማዊው እምነትና በገዳዮቹ ምስጢራዊ ቡድን መካከልም ልዩነት ያበጃል። ይሁን እንጂ ፍርሃቱ ሁሉ የሚመነጨው ከከበሮው፣ ከእባቡና ከደም መሥዋዕቱ በመሆኑ፣ በንግግር የሚለየውን በሥዕል መልሶ ያቀላቅለዋል። የአጻጻፉን ጥራት መቀበል ይህንን ጉድለት ከማየት አያግድም።

ተከታዮቹና ዳግም ዝግጅቱ

እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው ሁለተኛው ክፍል በእውነተኛ ተዋንያን የተቀረፀ ሲሆን፣ ኮምፒውተር ጌሚንግ ወርልድ የተባለው መጽሔት የዓመቱ ምርጥ ጨዋታ ብሎታል። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ሦስተኛው ክፍል ደግሞ በአንድ እንቆቅልሽ ምክንያት መቀለጃ ሆኗል። ጋብሪኤል ሞተር ብስክሌት ለመከራየት ሞዝሊን መስሎ መቅረብ ይኖርበታል። ለዚህም ከድመት ጠጉር ሰው ሠራሽ ጢም ያዘጋጃል፤ ሞዝሊ ግን ጢም የለውም፤ ስለዚህ በመታወቂያው ፎቶግራፍ ላይም ጢም ይሣልበታል። ጸሐፊው ኤሪክ ዎልፖ እ.ኤ.አ. በ2000 ይህንን እንቆቅልሽ እየተነተኑ፣ ዘርፉን የገደሉት ራሳቸው እንዲህ ያሉ እንቆቅልሾች ናቸው ሲሉ ተሳልቀዋል። ትችቱ እስከ ዛሬ የሚጠቀሰው የብዙ ተጫዋቾችን ስሜት ስለገለጸ ነው።

የመጀመሪያው ክፍል እ.ኤ.አ. በ2014 እንደገና ተሠርቶ ቀርቧል። አጠቃቀሙ ቀልሏል፤ የማስታወሻ ደብተርና ፍንጭ ሰጪም ተጨምሮበታል። አዳዲስ ተጫዋቾች ይህንን ሲያመሰግኑ፣ ነባሮቹ የድምፅ ተዋንያኑ መቀየራቸውንና የገጸ ባሕርያቱ እንቅስቃሴ ግትር መሆኑን ነቅፈዋል።

ለአገር ውስጥ ተጫዋች

ጨዋታውን ለመሞከር የሚያስብ ሰው ሁለት ነገር ሊያውቅ ይገባል። አንደኛው ይዘቱ ለአዋቂ እንጂ ለሕፃናት የሚሆን አለመሆኑ ነው። ሁለተኛው ቋንቋው ነው፤ ፍንጮቹ ሁሉ በረጅም የእንግሊዝኛ ንግግር ውስጥ ስለተበተኑ፣ ቋንቋውን በደንብ የማያውቅ ተጫዋች አስተዋይ ቢሆንም እንኳ ሊቆም ይችላል። ነባሩን ቅጂ ስከምቪኤም በተባለው ነፃ ፕሮግራም አማካይነት በዛሬ ኮምፒውተሮችና በአንድሮይድ ስልኮች ማጫወት ይቻላል።

በኢትዮጵያ ቅኔ ጌምስ የተባለው ድርጅት «ኩኩሉ» እና «ገበታ» የተባሉ የስልክ ጨዋታዎችን ሠርቶ፣ አገርኛ ይዘት ወደ ስክሪን ሊመጣ እንደሚችል አሳይቷል። በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ የምርመራ ጨዋታ ለመሥራት የሚነሣ ባለሙያ ከ«ጋብሪኤል ናይት» የሚወስደው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ተቺዎች ታሪኩን ያመሰግኑለታል፣ ተጫዋቾች ግን ፍርዳቸውን የሚሰጡት መልሱ ሲነገራቸው ነው።