አረንጓዴው መብራት ምን እያለ ነው?

ዲዩቲ ያደረ ሁሉ ያውቃቸዋል፤ የዋርዱ መብራት ሲቀነስ እነሱ ብቻ የሚታዩትን ትንንሽ የማሽን መብራቶች። ታሪካቸውን ግን ማንም አላስተማረንም።

ድሮ ጠቋሚ መብራት ተራ አምፖል ነበር። ሲጠፋ የተበላሸው ማሽኑ ይሁን አምፖሉ መለየት ያስቸግራል። እ.ኤ.አ. በ1962 በጄኔራል ኤሌክትሪክ ይሠራ የነበረው ኒክ ሆሎንያክ የሚታይ ቀይ ብርሃን የሚሰጥ ኤልኢዲ ሠራ። የሚቃጠል ክር የለውም፤ ለዓመታት ይበራል። ቀድሞ የተገኘው ቀዩ ስለነበር በብዙ የቆዩ ዕቃዎች ላይ ቀይ ማለት «በርቷል» ብቻ ነበር። እኛ ዘንድ ደግሞ ቀይ ሌላ ነገር ነው! የሕክምና መሣሪያዎች ዓለም አቀፍ ደረጃ ቀዩን ለአደጋ፣ ቢጫውን ለጥንቃቄ፣ አረንጓዴውን «ለሥራ ዝግጁ ነው» ለማለት መደበው።

እኔን የሚያሳስበኝ የኦክሲጅን ኮንሰንትሬተሩ ነው። ሴንሰር ያለው ዘመናዊ ሞዴል ኦክሲጅኑ ከ82 በመቶ በታች ሲወርድ ያስጠነቅቃል። ሴንሰር የሌለው ግን አረንጓዴ የሚያበራው ኤሌክትሪክ ስለገባለት ነው። ናይትሮጅን የሚይዝለት ዚዮላይት እርጥበት ጠጥቶ ቢደክም እንኳ ኮምፕሬሰሩ ይጮኻል፣ መብራቱም ይበራል። በቱቦው የሚተነፍሰው ሕፃን ግን የሚያገኘው ከክፍሉ አየር ብዙም ላይሻል ይችላል።

የምታስተምሩ ጓደኞቼ፣ ለኢንተርኖቹ በራውንድ ላይ አንድ ጊዜ አሳዩልኝ፦ የትኛው መብራት ስለ ኤሌክትሪኩ፣ የትኛው ስለ ኦክሲጅኑ እንደሚናገር። የባዮሜዲካል ባለሙያውም መለኪያውን ይዞ ይምጣ፤ ቱቦው ጫፍ ላይ የሚወጣውን ለመለካት ጥቂት ደቂቃ ይበቃል።