«ቁራሌው!» ወይም ያልተጻፈው የልጅነት ትምህርት

አዲስ አበባ ያደገ ሰው ሁሉ የሚያውቃት አንዲት ጩኸት አለች። ረፋዱ ላይ ጆንያውን በትከሻው ያንጠለጠለ ወጣት ከመንደሩ መግቢያ ብቅ ይልና ድምፁን ረዘም አድርጎ «ቁራሌው!» ይላል። «ቆርቆሮ ያለው» የሚለው ጥሪ ከመደጋገም ብዛት ተጨፍልቆ ነው እንዲህ የሆነው ይባላል። ጩኸቷ ስትሰማ ከአዋቂው ቀድሞ የሚሮጠው ልጅ ነው። ከአልጋ ሥር ባዶ ጠርሙስ፣ ከጓሮ የዛገ ጣሳ፣ ከማድቤት ቂጡ የተበሳ ድስት ይዞ ከተፍ ይላል። ከዚያ በኋላ ክርክር ነው። ልጁ ዋጋ ይጠራል፤ ቁራሌው ዕቃውን ያጣጥላል፤ በመጨረሻ ጥቂት ሳንቲም ከእጅ ወደ እጅ ታልፋለች። ልጁም ሳይታወቀው አንድ ትልቅ ነገር ተማረ፤ እቤት ውስጥ አበቃለት የተባለ ዕቃ ከደጅ ውጭ ገና ዋጋ እንዳለው።

ዛሬ ለሕፃናት ቆሻሻን ስለ መለየትና ዕቃን መልሶ ስለ መጠቀም ማስተማር ያስፈልጋል ይባላል። እውነት ነው፤ ያስፈልጋል። ችግሩ ትምህርቱ ብዙ ጊዜ ከባሕር ማዶ እንደ ተጫነ አዲስ ዕቃ፣ ባለ ቀለም በርሜሎቹንና የውጭ አገር ሥዕሎቹን ይዞ መምጣቱ ነው። ለመሆኑ እኛ በዚህ ነገር ልጆቻችንን አስተምረን አናውቅምን? በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የተባለው ደርሶብን ካልሆነ በቀር፣ ታሪኩ የሚነግረን ሌላ ነው።

ከጓዳ እንጀምር። ማሰሮ ሲሰበር አይጣልም፤ ገል ይሆናል። በማለዳ ከጎረቤት እሳት ጭሮ እንዲመጣ የሚላከው ልጅ ፍሙን የሚያመጣው በገል ነው፤ ዕጣኑም የሚጨሰው በዚያው ላይ ነው። የተረፈ እንጀራ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ድርቆሽ ይሆናል። የጠላው አተላ ለከብት፣ አመዱ ለዕቃ ማጠቢያ፣ እበቱ ለኩበትና ለምርጊት ይውላል። ያረጀ ጋቢ ተቀዶ የሕፃን መጠቅለያ፣ መጠቅለያውም ሲያልቅ የምጣድ ማሰሻ ይሆናል። ለታላቅ ያጠረው ልብስ ወደ ታናሽ ይወርዳል፤ «ውራጅ» የሚለው ስሙም ይህንኑ ጉዞውን ይናገራል። ይህን ሁሉ የሚያመላልሰው፣ የሚያሰጣውና የሚለቅመው ልጅ ነበር። ቁጭ አድርጎ ያስተማረው የለም፤ በተላከ ቁጥር ተማረ እንጂ።

እርግጥ ይህን የምንለው ድህነትን ለማሞገስ አይደለም። ያስተማረን እጥረት ነው፤ እጥረት ደግሞ ጨካኝ መምህር ነው። ሆኖም ከጨካኝ መምህር የተገኘ ዕውቀትም ዕውቀት ነው።

ቆርቆሮና ጠርሙስ የበዙት ከከተማው ጋር ነው። በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው አዲስ አበባ በ1909 ዓ.ም. የምድር ባቡር ሲገባላት፣ ከወደብ የሚመጣው ዕቃ በረከተ፤ ከዕቃው ጋርም ማሸጊያው መጣ። ሕዝቡ ግን ማሸጊያ የሚባል ነገር አላወቀም፤ ያወቀው ዕቃ ብቻ ነው። የጋዝ ቆርቆሮው የውኃ መቅጃ ሆነ። የቲማቲም ጣሳው በየጉልቱ እህልና ጥራጥሬ መስፈሪያ ሆነ። ትንሿ ጣሳ ክር ገብቶላት ኩራዝ ሆነች፤ በዚያች ኩራዝ ብርሃን ስንቱ ተማሪ እንዳጠና ቤቱ ይቁጠረው። በ1910ዎቹ አጋማሽ የቢራ ፋብሪካ፣ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ የኮካ ኮላ ፋብሪካ አዲስ አበባ ላይ ሲቋቋሙ ጠርሙሱ ወደ ፋብሪካው ተመላሽ ሆነ፤ ቆርኪው ግን ለልጆች ቀረ።

ልጆችም ባለቤትነታቸውን አስመሰከሩ። ቆርኪ በድንጋይ ተጠፍጥፎ፣ መሐሉ ላይ ሁለት ቀዳዳ ወጥቶለት፣ ክር ሲገባበት የሚያፏጭ መጫወቻ ይሆናል። አንዱ ወገን በጀርባው፣ ሌላው በፊቱ ሲደረደር የዳማ ጠጠር ይሆናል። ከሽቦ ቁራጭ መኪና ተጠማዞ ይሠራል፤ ከአሮጌ ካልሲና ከጨርቅ ኳስ ይወጣል። ስፖርተኞቻችን ስለ ልጅነታቸው ሲጠየቁ ያችን የጨርቅ ኳስ ሳያነሱ የሚያልፉ ጥቂቶች ናቸው። እንግዲህ ያ ልጅ ለመጫወት ሲል ሠሪ መሆን ነበረበት። ከወደቀው መሐል የሚሆነውን ለይቶ ማንሳት፣ የጎደለውን በሌላ መተካት፣ የተበላሸውን እንደገና መሞከር፤ እነዚህን ሁሉ የሚያሠለጥን የሙያ ትምህርት ቤት መንደሩ ነበር።

መደበኛው ትምህርት ቤትም ከዚህ የራቀ አልነበረም። በብዙ የገጠር ትምህርት ቤት ልጁን ወደ ክፍል የሚጠራው ደወል ከዛፍ ላይ የተንጠለጠለ አሮጌ የመኪና ቸርኬ ነው። መጽሐፉ በጋዜጣ ወይም ዘመኑ ባለፈ የቀን መቁጠሪያ ወረቀት ይለበጣል፤ ዓመቱ ሲያልቅ ለሚቀጥለው ልጅ ይመለሳል። ያለቀ ደብተር ደግሞ ወደ ባለ ሱቁ ሄዶ ስኳርና በርበሬ መጠቅለያ ይሆናል። ቆሎውን ጨርሶ የተጠቀለለበትን ወረቀት ያላነበበ ልጅ ማን ነው? ወረቀት የማክበር ልማድ የት ሊያደርስ እንደሚችል ለማየት የፈለገ ነቢይ መኮንንን ያስታውስ። በደርግ ዘመን ታስሮ ሳለ «ነገም ሌላ ቀን ነው» የተባለውን ትልቅ ልብ ወለድ ወደ አማርኛ የመለሰው በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ነበር። ሌላው አጭሶ የሚጥለው ለእሱ ብራና ሆነው።

አሁን ደግሞ ጆንያውን እንከተለው። ቁራሌው ያጠራቀመውን ተሸክሞ የሚያመራው ወደ መርካቶ ነው። መርካቶ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ገበያውን ከአራዳ ካዛወሩ ወዲህ የተስፋፋ ሰፈር ነው፤ በውስጡም ምናለሽ ተራ የሚባል ቦታ አለ። ስሙ ራሱ ጥያቄ ነው፤ ምን አለሽ? እዚያ ጠርሙሱ ታጥቦ ለአረቄና ለዘይት ሻጭ ይሸጣል። በርሜሉ ተቀዶ፣ ተቀጥቅጦ ምድጃና የግቢ በር ይሆናል። የአሉሚኒየም ስብርባሪ ቀልጦ ድስት ሆኖ ይወጣል። የመኪና ጎማ ተቆርጦ በረባሶ ይሆንና ዓመታት ይረገጣል። ኋላ በታሸገ ውኃ ስም «ሃይላንድ» ተብሎ የቀረው የፕላስቲክ ጠርሙስም ሲመጣ ተራው አላፈረም፤ ተቀበለው። ቀድሞ አልጋ ሥር የነበረው ድስት ሌላ ስምና ሌላ መልክ ይዞ፣ ምናልባት ወደዚያው መንደር ተመልሶ ይገባል።

ታዲያ ይህን የመሰለ ትምህርት ምን ነካው? እንደዚህ ጸሐፊ እምነት፣ ከትምህርቱ ጋር ያስተማርነው ስድብ ነው የጎዳው። ልጁን ጠርሙስ አስይዘን ወደ ቁራሌው እየላክን፣ በዚያው አንደበታችን «ካልተማርክ ቁራሌው ነው የምትሆነው!» እንለው ነበር። ሥራውን ተጠቅመንበት ሠራተኛውን ናቅነው። ልጁም ሁለቱን አብሮ ተማረ። ዕቃው ዋጋ አለው፤ ዕቃውን የሚያነሳው ሰው ግን ዋጋ የለውም። የፕላስቲክ ከረጢት ረክሶ በየደጁ ሲፈስስ፣ ማንሳቱ ውርደት መጣሉ ግን ሥልጣኔ የመሰለው ትውልድ ዝግጁ ሆኖ ጠበቀው።

የንቀቱን ዋጋ የከፈሉት ሌሎች ናቸው። ከ1950ዎቹ ጀምሮ የአዲስ አበባ ቆሻሻ ሲደፋበት የኖረው፣ ሕዝቡ ቆሼ ብሎ የሰየመው ቦታ፣ የብዙ ሰው የዕለት እንጀራም ነበር። ከቆሻሻው ውስጥ ብረቱን፣ ፕላስቲኩን፣ ጠርሙሱን እየለቀሙ የሚኖሩ ሰዎች ጎጆአቸውን በክምሩ ግርጌ ቀልሰው ነበር። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ሕፃናትም ነበሩባቸው። የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። አገሪቱ እነዚያን ሰዎች በይፋ ያየቻቸው፣ የጣልነው ነገር ከቀበራቸው በኋላ ነው።

ሕግ አልነበረም ለማለት አይቻልም። ስለ ደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ከአደጋው አሥር ዓመት ቀድሞ ወጥቷል። ከአደጋውም በኋላ፣ በነሐሴ 2010 ዓ.ም.፣ ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው የረጲ ጣቢያ ተመርቋል። አዋጅም ጣቢያም መልካም ነው። ነገር ግን አዋጅ ቅጣትን እንጂ አክብሮትን አያስተምርም፤ እቶንም የገባለትን ያነድዳል እንጂ ምን መነሣት እንዳለበት አይለይም። ያንን የሚለየው የሰው ዓይን ነው፤ ዓይን ደግሞ የሚገራው በልጅነት ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ እንዴት ቢጀመር ይሻላል? ባለ ቀለሙ በርሜል ይቆየን። መምህሯ አንድ ቀን በመንደሩ የሚያልፈውን ቁራሌው በእንግድነት ጠርታ፣ ጆንያውን በክፍሉ መሐል ታስፈታው። ልጆቹ ብድግ ብለው ይቀበሉት፤ በስሙ ይጥሩት፤ «እርስዎ» ይበሉት። ይህ ጠርሙስ ወዴት ይሄዳል? ይህስ ብረት ምን ይሆናል? የትኛው ይከብዳል፣ የትኛው ይቆርጣል፣ እጅዎን ቆርጦዎት ያውቃል ወይ? ብለው ይጠይቁት። ከዚያ እያንዳንዱ ልጅ እቤቱ ሄዶ አያቱን በጥንት ጊዜ ምን ምን እንደማይጣል ይጠይቅና ጽፎ ይምጣ። ያልተጻፈው መጽሐፍ ያኔ መጻፍ ይጀምራል።

ከዚያ ወዲያ አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ያች ጩኸት ስትሰማ ልጁ እንደ ድሮው ይሮጣል፤ ይህን ጊዜ ግን ከጠርሙሱ ጋር ሰላምታም ይዞ።